ኤር ፍራየር፣ ምጣድና ዘይት፦ ከኦክላንድ እስከ ሳን ሆዜ

ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ኦክላንድም ሆነ ሳን ሆዜ፣ ሐበሾች በተሰባሰቡበት ስለ ወጥ ቤት ከተነሣ «ኤር ፍራየር ይረባል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ቀጥሎ ኢንስታንት ፖት ይነሣል፤ ከዚያ የእንጀራ ምጣድ፤ በመጨረሻም ዘይት። መደብሩ ሁሉንም ሞልቶ ይጠብቃል። የእንግሊዝኛ ግምገማም በሽ ነው። ችግሩ ግምገማዎቹ የሚፈትኑት የዶሮ ክንፍ፣ የድንች ጥብስና ብስኩት መሆኑ ነው። የዶሮ ወጥ ቁሌት ላይ፣ የሳምቡሳ ጠርዝ ላይ፣ የእንጀራ ዓይን ላይ ወይም የሸክላ ጀበና ላይ የተሞከረ ነገር ማግኘት ከባድ ነው። ስለዚህ ይህ ዳሰሳ ከምግባችን ይነሣና ወደ ዕቃውና ወደ ዘይቱ ይሄዳል። አቋሜን ከወዲሁ ላስታውቅ፦ ዕቃ የሚመረጠው ከምግቡና ከቤቱ ሶኬት ተነሥቶ ነው፤ ዘይትም የሚመረጠው እሳት ችሎ መቆየቱና ያልከረመ መሆኑ ታይቶ ነው።

ከሶኬቱ እንጀምር። የአሜሪካ የቤት ሶኬት 120 ቮልት ነው፤ የተለመደው መስመር ደግሞ 15 አምፔር ይሸከማል። ሁለቱ ሲባዙ 1800 ዋት ይሆናሉ። ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ተራ ሶኬት ላይ የሚሰካ ማብሰያ ሁሉ፣ ማስታወቂያው ምንም ቢል፣ ከዚህ ጣሪያ በታች የተሠራ ነው። አዲስ አበባ ያለው መስመር 220 ቮልት ስለሆነ የአገር ቤቱ ኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋት ገደማ ሲስብ ማንም አይደነግጥም። ያንን ምጣድ በሻንጣ አምጥቶ እዚህ ተራ ሶኬት ላይ መሰካት ግን ዋጋ የለውም። ኃይሉ የሚወርደው በቮልቱ ካሬ ልክ ስለሆነ 3500 ዋት የነበረው ምጣድ 120 ቮልት ላይ የሚሰጠው 1040 ዋት ገደማ ብቻ ነው። ሊጡ ይደርቃል እንጂ ዓይን አያወጣም። በተቃራኒው ለልብስ ማድረቂያ በተዘረጋው የ240 ቮልት መስመር ላይ ቢሰካ ከተሠራበት ኃይል 19 በመቶ ያህል ይበልጣል፤ ሽቦው ያለ ጊዜው ይቃጠላል። እንዲህ ያለ ምጣድ የአሜሪካ የደኅንነት ማረጋገጫ ምልክት ስለሌለው አደጋ ቢደርስ ከአከራይና ከኢንሹራንስ ጋር መካሰስ ሊያስከትል ይችላል። ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሻን ሳያየው መስመር አስቀይሮ መጠቀምን አልመክርም።

የአሁኑ የኤሌክትሪክ ደንብ ለወጥ ቤት ጠረጴዛ ቢያንስ ሁለት ባለ 20 አምፔር መስመር ያዛል። ኦክላንድ ውስጥ ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠራ ቤት ብዙ ነው፤ በአንዳንዱ ወጥ ቤቱና ሳሎኑ አንድ መስመር ይጋራሉ። ባለ 1500 ዋት ምጣድ ተሰክቶ እያለ ባለ 1700 ዋት ኤር ፍራየር ሲጨመር ብሬከሩ መውረዱ አይቀርም፤ ባለ 20 አምፔሩም ቢሆን ከ2400 ዋት በላይ አይሸከምም። መፍትሔው ሁለቱን በተለያየ መስመር መሰካት ወይም ተራ በተራ መሥራት ነው። ብሬከሩን በትልቅ መተካትና በቀጭን ማራዘሚያ ገመድ መሥራት ቤት ያቃጥላል። አዲስ ዕቃ ከመግዛታችን በፊት የትኛው ሶኬት ከየትኛው ብሬከር እንደተያያዘ አንድ በአንድ እያጠፉ መፈተሽ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ ከማንኛውም ግምገማም ይበልጥ ይጠቅማል።

አሁን ወደ ምጣዱ። አሜሪካ ያለ ሐበሻ ለረጅም ጊዜ የተገለገለበት ምጣድ የተሠራው ለእንጀራ አይደለም። ኖርዌጂያን ስደተኞች ሌፍሳ የሚሉትን የድንች ቂጣ የሚጋግሩበት የአሉሚኒየም ምጣድ ነው፤ አይዋ ውስጥ ክሬስኮ በምትባል ትንሽ ከተማ ያለው ቤታኒ ሃውስዌርስ ይሠራዋል። ስፋቱ 16 ኢንች ነው፤ 40 ሴንቲሜትር ገደማ። የአገር ቤቱ ወደ 60 ሴንቲሜትር ስለሚጠጋ አንድ የአገር ቤት እንጀራ የዚህን ሁለት እጥፍ ያህል ስፋት አለው ማለት ነው። ኋላ ላይ ለእንጀራ ተብለው የተሠሩ ዲጂታል ምጣዶች መጡ፤ ቨርጂኒያ የሚገኘው ዋስ ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጠው በብዙ ቤት ይታወቃል። እነዚህም ተራ ሶኬት ላይ ስለሚሰኩ ስፋታቸው ያው 16 ኢንች አካባቢ ነው። ከ1800 ዋት ጣሪያ በታች ከዚህ የሰፋ ምጣድ በእኩል ማጋል ያስቸግራል።

ጋጋሪ ልብ ሊለው የሚገባው ነገር እዚህ ላይ ነው። ምጣዱ ሲግል ሊጡ ከዳር ተጀምሮ እየተሽከረከረ ወደ መሃል ይፈሳል፤ ዓይኑ ይፈነዳል፤ ፊቱ ላይ ያለው ውሃ ሲመጥ ይከደናል፤ ጠርዙ ሲላቀቅ በሰፌድ ይወጣል። እስከዚህ ድረስ ከአገር ቤት ጋር አንድ ነው። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ቀዝቃዛው ሊጥ የምጣዱን ሙቀት ወስዶበታል፤ 1500 ዋት ያንን ለመመለስ ጊዜ ይፈልጋል። ሁለተኛው ሊጥ ቶሎ ከፈሰሰ እንጀራው መሃሉ ላይ ዓይን ያጣል፤ ሰውም እርሾውን ወይም አብሲቱን ይጠረጥራል። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የችኮላ ነው። የሙቀት መብራቱ እስኪጠፋ መጠበቅ፣ ሊጡን ከአገር ቤቱ ትንሽ ማቅጠን፣ ከማቀዝቀዣ የወጣ ሊጥን የክፍሉ ሙቀት እስኪያገኘው ማቆየት፤ ሦስቱ ብዙውን ችግር ይፈታሉ።

የምጣዱ ፊት ሌላው ጉዳይ ነው። ያልተለበሰው አሉሚኒየም እንደ ሸክላው መሟሸትና በማሰሻ መታሰስ ይፈልጋል። ፒቲኤፍኢ በሚባለው የማያጣብቅ ልባስ የተለበሰውን ግን ጨውም ብረትም አይንካው። ይህ ልባስ ከ260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲግል መፈራረስና መርዛማ ጋዝ መልቀቅ ይጀምራል። 260 ዲግሪ በፋራናይት 500 ማለት ነው፤ የብዙ ምጣዶች ቁልፍ የሚያበቃውም እዚያው ነው። ስለዚህ የተለበሰ ምጣድን መጨረሻው ድረስ ከፍቶ ባዶውን መተው አይገባም፤ ለእንጀራ ከ220 እስከ 235 ዲግሪ ይበቃል። ቤት ውስጥ ወፍ የሚያሳድግ ሰው ይበልጥ ይጠንቀቅ፤ ያ ጋዝ ወፎችን ወዲያው ይገድላል። ካሊፎርኒያ በ2021 ባወጣችው ሕግ መሠረት ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ የድስትና የመጥበሻ አምራቾች በምግብ መንኪያው ላይ ያሉ አሳሳቢ ኬሚካሎችን በማሸጊያው ላይ መግለጽ አለባቸው። መለያውን ማንበብ እንልመድ።

የምድጃው ነገር ኦክላንድና ሳን ሆዜ ባሉበት በቤይ ኤሪያ የተለየ ታሪክ አለው። በርክሊ በ2019 በአዳዲስ ሕንፃዎች የጋዝ መስመር እንዳይገባ በመከልከል በአገሪቱ የመጀመሪያዋ ሆነች። ሳን ሆዜ በዚያው ዓመት፣ ኦክላንድ በ2020 ተከተሏት። በ2023 የይግባኝ ፍርድ ቤት የበርክሊን ደንብ ቢሽረውም በመሃል የተሠሩ ብዙ አፓርታማዎች ያለ ጋዝ ተሠርተዋል። ወደ እነዚህ ቤቶች የገባ ሐበሻ ኢንዳክሽን ወይም የመስታወት ኤሌክትሪክ ምድጃ ይጠብቀዋል። በጤና በኩል ይህ ኪሳራ አይደለም። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በ2023 በካሊፎርኒያና በኮሎራዶ ባሉ ቤቶች ለክተው ባሳተሙት ጥናት፣ የጋዝ ምድጃ ቤንዝን (benzene) የተባለውን ካንሰር አምጪ ኬሚካል ወደ ቤት አየር እንደሚለቅ፣ ኢንዳክሽን ግን ሊለካ የሚችል እንደማይለቅ አሳይተዋል። ኢንዳክሽን ከሚስበው ኃይል 85 በመቶ ያህሉን ለድስቱ ሲያደርስ ጋዝ የሚያደርሰው ሲሶውን ብቻ ነው። ጋዝ ያለው ተከራይ ምድጃውን መቀየር ባይችልም ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ባለ አንድ ዓይን ኢንዳክሽን ገዝቶ የዘወትር ወጡን በእሱ መሥራት ይችላል።

ኢንዳክሽን የሚያሞቀው ግን ማግኔት የሚይዘውን ብረት ብቻ ነው። የሸክላ ድስት፣ የሸክላ ጀበና፣ ከአገር ቤት የመጣ የአሉሚኒየም ድስት አንዳቸውም አይሞቁበትም። ለጀበናው ርካሹ መፍትሔ ባለ ጥቅልል ሽቦ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው፤ ቀስ ብሎ ከዝቅተኛ ሙቀት ተጀምሮ ቢጨመር ሸክላው አይሰነጠቅም። ሥርዓቱ ይሙላ ብሎ ከሰል ቤት ውስጥ ማቀጣጠል ግን ሞት ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ መስኮት መክፈትም ዋስትና አይሆንም። የካሊፎርኒያ ሕግ ጋዝ ወይም የሚነድ ነገር ያለው መኖሪያ ቤት የዚህ ጋዝ ጠቋሚ መሣሪያ እንዲኖረው ያዛል። መሣሪያው ግድግዳው ላይ መኖሩንና ባትሪው መሥራቱን ዛሬውኑ ማየት ተገቢ ነው።

ኢንስታንት ፖት የተባለው የኤሌክትሪክ የግፊት ድስት በ2010 ኦታዋ ካናዳ ውስጥ ተወልዶ ዓለምን አዳረሰ። በሐበሻ ወጥ ቤት ያለው ጥቅም ግን ከሚወራለት ያነሰ ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ ከባሕር ወለል ከፍታ ጋር የተያያዘ ነው። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሽምብራና ባቄላ እንቢ የሚሉትም ለዚህ ነው፤ የግፊት ድስትም እዚያ ትልቅ ውለታ ይውላል። ኦክላንድና ሳን ሆዜ ግን ባሕሩ አጠገብ ናቸው፤ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ክክና ምስር እዚህ በተራ ድስት ከአገር ቤት ፈጥኖ ይበስላል። የግፊት ድስቱ ሙቀቱን ከ115 እስከ 118 ዲግሪ ስለሚያደርስ ለሽምብራ፣ ለባቄላ፣ ለቅቅል አጥንት አሁንም ሁነኛ ነው። ለወጥ ግን አይደለም። ወጥ የሚጣፍጠው ውሃው እየተነነ፣ ዘይቱ እየወጣ፣ ቁሌቱ እየጠቆረ ሲሄድ ነው፤ የታሸገ ድስት ደግሞ ምንም አያተንም። ዶሮ ወጥ በግፊት ሲሠራ ሽንኩርቱ በራሱ ውሃ ተቀቅሎ ይቀራል፤ ጣዕሙም ጥሬ ጥሬ ይላል። የማቁላላት ቁልፉም ቢሆን ጠባብ ድስት ላይ ስለሚሠራ የብዙ ሽንኩርት ውሃ አያደርቅም። ሽሮማ ወፍራም ስለሆነ ታች ይይዝና መሣሪያው ራሱን ያጠፋል። ለቁሌት ወፍራም ቂጥ ያለው ሰፊ ድስት ምትክ የለውም፤ ገንዘብ የሚወጣ ከሆነ ቅድሚያ ለእሱ ይውጣ።

ስለ ቀስ ማብሰያው (ስሎው ኩከር) አንድ ጥቅምና አንድ ማስጠንቀቂያ። ክዳኑን ከፍቶ ቅቤ ለማንጠር ይመቻል፤ ሙቀቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ኮሰረቱና ኮረሪማው ሳያርር ይወጣል። ቀይ ቦሎቄን ግን በጥሬው እዚያ ውስጥ ጥዶ መሄድ አይገባም። ቦሎቄው ያለው የተፈጥሮ መርዝ የሚጠፋው በደንብ ሲንተከተክ ነው፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር 30 ደቂቃ አፍሉት ይላል።

ኤር ፍራየር ስሙ «መጥበሻ» ይበል እንጂ ትንሽ ምድጃ ከኃይለኛ ማራገቢያ ጋር ነው። ፊሊፕስ በ2010 በርሊን ላይ አስተዋወቀው። የጋለው አየር በፍጥነት ስለሚነፍስ የምግቡን ፊት ያደርቀዋል፤ ጥርት ያለ ቅርፊት የሚሰጠውም ያ ድርቀት ነው። ስለዚህ ፊቱ ደረቅ የሆነ ነገር ይሆንለታል፤ እርጥብ ሊጥ አይሆንለትም። ቦምቦሊኖና ፓስቲ እዚያ ውስጥ አይታሰቡም።

ሳምቡሳ መሃል ላይ ነው፤ ጠጋ ብለን እንየው። ብዙ ሰው እዚህ ቂጣውን ከመዳመጥ ይልቅ የእስያውያን ሱቅ ከሚሸጠው ስስ የጥቅል ቂጣ ይሠራዋል፤ ሳን ሆዜ ከቬትናም ውጭ በዓለም ትልቁ የቬትናም ማኅበረሰብ ያለባት ከተማ ስለሆነች ይህ ቂጣ በየሱቁ ሞልቷል። ደረቁን ቂጣ ኤር ፍራየር ውስጥ እንዲሁ ቢጨምሩት ጠርዙ ያርራል፣ መሃሉ እንደ ወረቀት ይነጣል። በብሩሽ ሁለቱንም ገጽ ስስ አድርጎ ዘይት መቀባት፣ ሳይነካኩ መደርደር፣ በ190 ዲግሪ ማለትም በ375 ፋራናይት አስር ደቂቃ ገደማ፣ መሃል ላይ አንዴ መገልበጥ፤ እንዲህ ሲሆን ወርቃማና ተሰባሪ ሆኖ ይወጣል። በእጅ የተዳመጠው ወፈር ያለ ቂጣ ግን እውነቱን ለመናገር ዘይት ውስጥ ካልገባ አረፋ አያወጣም፤ እሱን ኤር ፍራየር እንደ ዳቦ ያደርገዋል። የምስሩ ሳምቡሳ ደግሞ ውስጡ እርጥብ ከሆነ ከየትኛውም መሣሪያ እንደተቀደደ ይወጣል፤ ምስሩ ፍሬ ፍሬ ሆኖ፣ ጨርሶ ቀዝቅዞ ነው መጠቅለል ያለበት።

ሌላም ሌላም ይሠራል። ዓሣ ጥብስ ያምርበታል፤ ድንችም እንደዚያው። ቋንጣ በዝቅተኛ ሙቀት የሚያደርቅ ቁልፍ ያላቸው አሉ፤ የአሜሪካ የእርሻ መሥሪያ ቤት ግን ሥጋው ከመድረቁ በፊት 71 ዲግሪ እንዲደርስ ይመክራል፤ እርጥበት ባለበት የባሕር ዳር አየር በረንዳ ላይ ከመስቀል ይህ ይሻላል። ቡና መቁላት ግን አይሞከር፤ ገለፈቱ በማራገቢያው ተነሥቶ የጋለው ሽቦ ላይ ያርፍና ይነዳል። በጣሳ የሚረጨው ዘይት የቅርጫቱን ልባስ ያበላሻል፤ ብሩሽ ይበቃል። ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ሰው ሞዴሉን ከመንግሥት የተመላሽ ዕቃዎች ዝርዝር ጋር ያመሳክር፤ ኮሶሪ በየካቲት 2023 በእሳት ስጋት ምክንያት አሜሪካ ውስጥ 2 ሚሊዮን ያህል ኤር ፍራየሮችን እንዲመለሱ ጠርቷል፤ ያገለገሉ ዕቃዎች ገበያ ላይ ያልተመለሱት ሊኖሩ ይችላሉ። አምስትና ስድስት ሰው ያለበት ቤት ከቅርጫቱ ዓይነት ይልቅ ማራገቢያ ያለው ሰፊ ቶስተር ኦቨን ይሻለዋል፤ ሳምቡሳውን በአንድ ጊዜ ይደረድራል፣ ድፎ ባይሆንም ትንሽ ዳቦ ይጋግራል።

ዘይት ውስጥ አጥልቆ የሚጠብሰውን የጠረጴዛ መሣሪያ ብዙም አልወደውም። ኃይሉ ውስን ስለሆነ ቀዝቃዛ ምግብ ሲገባበት ዘይቱ ይቀዘቅዛል፤ ሳምቡሳውም ዘይት ይመጥጣል። ወፍራም ድስት፣ ባለ ጥቂት ዶላር ቴርሞሜትርና ጥቂት ጥቂት እያሉ መጥበስ የተሻለ ውጤት ይሰጣል። ዘይቱ ከ175 እስከ 190 ዲግሪ ይሁን። ከወጣ በኋላ ምግቡ ሲቀዘቅዝ ነው ፊቱ ላይ ያለውን ዘይት ወደ ውስጥ የሚስበው፤ ስለዚህ ወዲያው በሽቦ ወንፊት ላይ አውጥቶ ማንጠፍጠፍ ነው እንጂ ሳህን ላይ መከመር አይገባም። ድንችን ከመጥበስ በፊት ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍና ቡናማ ሳይሆን ወርቃማ ሲሆን ማውጣት፣ ስታርች ሲጠበስ የሚፈጠረውን አክሪላማይድ የተባለ ጎጂ ነገር ይቀንሳል።

እንግዲህ ዘይት። ይህ ጥያቄ ለእኛ ከሌላው ይበልጥ ከባድ የሆነው በጾም ምክንያት ነው። የኦርቶዶክስ ምእመን በዓመት ከ180 ቀናት በላይ ይጾማል፤ ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። በእነዚህ ቀናት ቅቤ የለም፤ የወጡ ስብ በሙሉ ከዘይት ይመጣል። ኦክላንድ መድኃኔ ዓለም የሚያስቀድስ ቤተሰብ ከአሜሪካዊው ጎረቤቱ ይልቅ የዘይቱ ምርጫ በጤናው ላይ ይከብዳል ማለት ነው።

መደብር ውስጥ ሰው የሚመራው በጭስ ነጥብ ነው። የተጣራ የአቮካዶ ዘይት እስከ 270 ዲግሪ አይጨስም ይባላል፤ የተጣራ ኦቾሎኒና የሱፍ አበባ 230 አካባቢ፤ ያልተጣራው ምርጥ የወይራ ዘይት 190 ገደማ። ቁጥሮቹ ትክክል ናቸው፤ ግን ወጥ ቤታችን ውስጥ 270 ዲግሪ የሚጠይቅ ምግብ የለም። ሳምቡሳም ዓሣም ከ190 አይዘልም፤ ቁሌትማ ሽንኩርቱ እርጥብ ስለሆነ ከዚያ በታች ነው። ስለዚህ ሁሉም የተጣሩ ዘይቶች ፈተናውን ያልፋሉ፤ ለጭስ ነጥብ ብሎ እጥፍ መክፈል ትርፍ የለውም። ዋናው ጥያቄ ዘይቱ በሙቀት ሲቆይ ምን ያህል ይበላሻል ነው፤ ያንን የሚወስነው ደግሞ የስብ አሲዶቹ ዓይነት ነው። ኦሌይክ አሲድ የበዛበት ዘይት ይጸናል፤ ሊኖሊክና ሊኖሌኒክ የበዛበት ከአየር ጋር ቶሎ ይዋሐዳል። በ2018 አውስትራሊያ ውስጥ አስር ዘይቶችን እያሞቁ የፈተነ ጥናት ያልተጣራ የወይራ ዘይት ከሁሉም ያነሰ ጎጂ ውህድ እንደፈጠረ፣ የጭስ ነጥብም ይህን እንደማይተነብይ አሳይቷል። ላቦራቶሪው ከወይራ ዘይት አምራች ጋር የተያያዘ መሆኑ መታወቅ አለበት፤ ቢሆንም በኬሚስትሪው በኩል ግኝቱ የሚጠበቅ ነው።

በዚህ መለኪያ ለዘወትር ወጥና ለመጥበሻ የምመርጠው «ሃይ ኦሌይክ» የሚል የተጻፈበትን የሱፍ አበባ ዘይት ነው። ተራው የሱፍ አበባ ዘይት በሊኖሊክ የተሞላ ሲሆን ይኼኛው 80 በመቶ ገደማ ኦሌይክ ነው፤ ጣዕም ስለሌለው በርበሬውንና መከለሻውን አይጫንም። የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ በ2018 ቢያንስ 70 በመቶ ኦሌይክ ያላቸው ዘይቶች የጠገበ (ሳቹሬትድ) ስብ የበዛባቸውን ስቦችና ዘይቶች ሲተኩ ለልብ ሊጠቅሙ እንደሚችሉ በጥንቃቄ እንዲጻፍ ፈቅዷል። እሱ ከጠፋ ካኖላ ርካሽና በቂ ነው። «ቬጅተብል ኦይል» የሚለው ጋሎን አብዛኛውን ጊዜ አኩሪ አተር ነው፤ ለወጥ ይሆናል፣ ደጋግሞ ለመጥበስ ግን አልመክረውም። የዘር ዘይት ሁሉ መርዝ ነው የሚለው የሰሞኑ ወሬ ማስረጃ የለውም፤ የአሜሪካ የልብ ማኅበር ሊኖሊክ ያለበትን ዘይት በቅቤና በጮማ ምትክ መጠቀምን ይደግፋል።

የአቮካዶ ዘይት ሌላ ችግር አለበት። ከእኛ ብዙ ሳይርቅ ዴቪስ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በ2020 ያሳተመው ምርመራ ከፈተናቸው ናሙናዎች 82 በመቶ ቀናቸው ሳያልፍ የተበላሹ ወይም ከሌላ ዘይት ጋር የተቀላቀሉ ሆነው እንዳገኛቸው ገልጿል፤ ከናሙናዎቹ ሦስቱ ጭራሽ ሙሉ በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ አኩሪ አተር ነበሩ። ሰው በውድ ገዝቶ የሚያቁላላው ርካሹን ዘይት ሊሆን ይችላል። የወይራ ዘይት የሚወድ ደግሞ ጥቁር ጠርሙስ፣ የመከር ቀን የተጻፈበትና የካሊፎርኒያ የሆነውን ይፈልግ፤ ለአልጫና ለጎመን ያምራል።

ኑግና ቅቤን ለብቻቸው ላንሣ። የኑግ ዘይት ለሐበሻ የጾም ወጥ የሚሰጠውን ሻታ ሌላ ዘይት አይሰጥም። ነገር ግን ከ70 በመቶ በላይ ሊኖሊክ ስለሆነ እሳትና ብርሃን ይጎዱታል። ስለዚህ ጠቆር ባለ ዕቃ፣ በማቀዝቀዣ ይቀመጥ፤ ቁሌቱ በጸናው ዘይት ይሠራና ኑጉ ከመውረዱ ጥቂት ቀደም ብሎ ጠብ ይበልበት። አሜሪካ ውስጥ በእርሻና በቤት ዕቃ መደብሮች የሚሸጠው ኑግ ለወፍ መኖ የመጣ ነው፤ ለሰው ምግብ ተብሎ ስላልተያዘ መጭመቅ አይገባም። ንጥር ቅቤም በፍስክ ቀን እንደዚሁ በመጨረሻ ይግባ። ጥሬ ቅቤ 150 ዲግሪ አካባቢ የሚያርረው ወተታማው ክፍሉ ነው፤ ሲነጠር ያ ስለሚወጣ ከ230 በላይ ይችላል። መቻሉ ግን ለማቁላላት ምክንያት አይሆንም፤ አብዛኛው የጠገበ ስብ ነው፣ ሽታውም በረጅም እሳት ይጠፋል። ጥሩ ቅመም ማግኘት እዚህ አያስቸግርም፤ ወይዘሮ ፈትለወርቅ ተፈሪ በ1991 ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ የከፈቱት ካፌ ኮሉቺ ዛሬ ሳን ፓብሎ ጎዳና ላይ ሲሆን ብሩንዶ የተባለውን የቅመም ሥራም ከአገር ቤት ጋር አያይዞ ይዟል።

አገር ቤት የለመድነውን የሚረጋ ዘይት እዚህ ፈልጎ መግዛት ግን አይገባም። የፓልም ዘይት ግማሹ የጠገበ ስብ ነው፤ አገር ቤት የገባው በርካሽነቱ እንጂ በምርጫ አልነበረም።

ስለ ጭሱ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። በርበሬ በጋለ ዘይት ላይ ሲወድቅ ቤቱን ሁሉ ያስላል፤ የብዙ አፓርታማ ሁድ ደግሞ አየሩን ወደ ውጭ አያወጣም፣ በወንፊት አጣርቶ ይመልሰዋል። የዓለም የካንሰር ምርምር ተቋም በከፍተኛ ሙቀት ሲጠበስ የሚወጣውን ጭስ ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ተብለው ከሚገመቱት ጋር መድቦታል። መስኮት መክፈት፣ ማራገቢያውን ወደ ውጭ ማዞር፣ በርበሬውን ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጎ ማቁላላት፤ በየቀኑ ምድጃ አጠገብ የሚቆሙ እናቶች ሳንባ ይህን ይፈልጋል።

የመብራቱ ሂሳብ ሰው እንደሚፈራው አይደለም። የመብራት ድርጅቱ የፒጂኢ (PG&E) ዋጋ በቅርብ ዓመታት በኪሎዋት ሰዓት 40 ሳንቲም ገደማ ደርሷል፤ ከአገሪቱ ከፍተኛዎቹ አንዱ ነው። ባለ 1500 ዋት ምጣድ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቢሠራ ከ3 ኪሎዋት ሰዓት አይበልጥም፤ አንድ ዶላር ከሃያ ማለት ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ባለው ውድ ጊዜ ከመጋገር ጠዋት መጋገር ይረክሳል። ከኦክላንድ ባሻገር አላሜዳ፣ ከሳን ሆዜ አጠገብ ሳንታ ክላራ የራሳቸው የመብራት ድርጅት ስላላቸው ዋጋቸው በእጅጉ ዝቅ ይላል።

የተጠበሰበትን ዘይት ቀዝቅዞ ሲያበቃ በስስ ጨርቅ አጥልሎ፣ በተከደነ ጠርሙስ በጨለማ ማስቀመጥና ጥቂት ጊዜ መድገም ይቻላል። ዓሣ የጠበሰው ለብቻው ይቀመጥ። አረፋ ሲያበዛ፣ ሲወፍር ወይም ገና ሳይግል ሲጨስ ጊዜው አልፏል፤ ብዙ የአውሮፓ አገሮች ምግብ ቤቶች የተበላሹ ውህዶች ከ24 እስከ 27 በመቶ ሲደርሱ ዘይቱን እንዲጥሉ በሕግ ያስገድዳሉ። ያን ጊዜ በመታጠቢያው መድፋት ቱቦውን ይደፍነዋል። ጥቂት ከሆነ በወረቀት አስመጥጦ ቆሻሻ ውስጥ መጣል፣ ብዙ ከሆነ ካውንቲው የት እንደሚቀበል ጠይቆ በጠርሙስ መስጠት ነው። ዌስት ኦክላንድ ያለው የውሃ ድርጅቱ የኢስት ቤይ መድ የፍሳሽ ማጣሪያ የምግብ ተረፈ ምርትንና ስብን ወደ ጋዝ ለውጦ መብራት ያመነጭበታል፤ በ2012 ከሚፈጀው በላይ ኃይል በማመንጨት በሰሜን አሜሪካ ካሉ መሰሎቹ የመጀመሪያው ሆኗል።